ከሥሩ የተቆረጠው መስመር

ከባሌ ከፈለቀ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ኮንቴነር ጋቢ ማልበስ ነበር።

ወልቂጤ፣ እህቴ ቤት በር ላይ፣ ከምሳ በኋላ ነው። እሱ ኮንቴነሩን የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ደግፎ ያዘ፤ እኔ ጋቢውን ሁለት ዙር ጠመጠምኩበት፤ ከዚያ የወንበሩን ቀበቶ በላዩ አሰርን። «አፉን አትሸፍኚው፣ ይተንፍስ» አለኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር አራቱንም መስኮቶች የዘጋሁት እኔ ነኝ። እሱም ቢዘጉ ይመርጥ ነበር። ሞቃት አየር ካልገባ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ብዙ አይተንም ይል ነበር። እህቴ አራስ ስለነበረች እኔ እሷ ጋ ቀረሁ። «ቡታጅራ ስደርስ እደውላለሁ» ብሎ ሄደ።

አልደወለም። ጉብሬን ካለፈ በኋላ ዝናቡ ሲበረታበት መኪናውን ከመንገዱ ዳር አውጥቶ፣ እስኪያባራ ቁጭ ብሏል። ያገኘው ሹፌር የተኛ መስሎት መስኮቱን ሁለት ጊዜ አንኳኩቶ ነበር። እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም አለኝ።

ባሌ ላም የሚያዳቅል ባለሙያ ነበር። የኮርማ ዘር ከሩቅ መጥቶ እስኪሠራበት ድረስ የሚቆየው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክሮ ነው፤ ኮንቴነሩም ይህን ፈሳሽ የሚይዝ ዕቃ ነው። ናይትሮጅን የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ክፍል ነው። ከዜሮ በታች ወደ መቶ ዘጠና ስድስት ዲግሪ ሲወርድ እንደ ውሃ ይፈሳል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም። ይህን የነገረኝ ፈለቀ ራሱ ነው፤ ሥልጠና ላይ የተማረው ነው። ያልነገረኝን የነገረኝ ደግሞ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ነው። አንድ ሊትሩ ሲተን ወደ ሰባት መቶ ሊትር ጋዝ ይሆናል፤ ቦታው ዝግ ከሆነ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሰውየው አያስለውም፣ ታፈንኩ አይልም። ዝም ብሎ ይሄዳል።

ኮንቴነሩ አርጅቶ ፈሳሹ ቶሎ ይተንበት ነበር። ጤነኛ ኮንቴነር ውጪው አይቀዘቅዝም፤ ያ ግን ትከሻው ላይ አመዳይ ይዞ ነበር። ይህን የነገረኝ የፈለቀ የሥራ ባልደረባ ነው። ከጋቢ ሥር ያለ አመዳይ ለማን ይታያል?

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የፈለቀ ታላቅ ወንድም ክንፈ ክንዴን ያዘኝ።

«አልማዝ፣ ሰው ሲጠይቅሽ ልቡ ነው በዪ።»

«ሐኪሙ እኮ…»

«ሐኪሙን ተይው። ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ያስተማረ ሰው በገዛ ዕቃው ሞተ ሊባል ነው? መሳቂያ እንዳታደርጊን።»

ድንኳን ውስጥ የገባው ሁሉ እጄን እየያዘ «ምን አገኘው?» አለኝ። ለሁሉም «ልቡ ነው» አልኩ። ስናገረው እየቀለለኝ ሄደ። የሐኪሙን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እዚያው ከረመ።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ። ቡታጅራ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ፈለቀ ጽሑፍ አይወድም ነበር። ላም አርቢዎች የሚጠያየቁበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለሚመጣ ጥያቄ እሱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ይመልሳል፣ እኔ በስልኩ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን አስገድጄው ነበር። ከየመልሱ ሥር ከየት እንዳገኘው እንዲናገር።

«ተማሪ አደረግሽኝ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

«ከመጽሐፍ ከሆነ ከመጽሐፍ በል። ከራስህ ከሆነ ከራሴ በል። ካላወቅክ አላውቅም በል።»

እየሳቀ ይለዋል፣ እጽፈዋለሁ። ይህ የሁለታችን ጨዋታ ነበር። ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ ብዙም አላሰብኩም።

ከሞተ በስምንተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ «ይህ ሰው ጎበዝ ነው፣ ባልሽን ያስታውሰኛል» ብላ አንድ የፌስቡክ ገጽ ላከችልኝ። ገጹ «የላም ዶክተር» ይባላል። ባለቤቱ ቢኒያም የሚባል፣ ወልቂጤ ውስጥ የመኖና የከብት መድኃኒት ሱቅ ያለው ሰው ነው። ዶክተር አይደለም። ናይትሮጅንም ከሱቁ እየቀዳ ይሸጣል። ከላይ «የመስቃኑ» የሚል ስም ያለው ሰው አርብ ዕለት ያቀረበው ጥያቄ አለ።

«ነገ እናቴን ለዓይን ሕክምና ወልቂጤ አመጣለሁ። በዚያው ካንተ ናይትሮጅን ቀድቼ ብመለስ፣ የቤት መኪና ውስጥ ከእናቴ ጋር መጫን ችግር አለው?»

ከሥሩ የቢኒያም መልስ።

«ምንም ችግር የለውም። ናይትሮጅን የምንተነፍሰው አየር ነው። ጋቢ አልብሱት፣ መስኮት ዝጉለት፣ እንደ አራስ ልጅ ያዙት።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «እንደ አራስ ልጅ ያዙት» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈለቀ «ተጠንቅቃችሁ ያዙት» ነበር ያለው፤ ያሳመርኩት እኔ ነኝ። የሱን ስልክ አውጥቼ ቴሌግራሙን ከፈትኩ። ቃል በቃል አለ። ከሥሩ ግን ቢኒያም ያልወሰደው አንድ መስመር አለ። «ምንጭ፦ የራሴ ልምድ። ሦስት ጊዜ በመኪና ጭኛለሁ። ከመጽሐፍ አላረጋገጥኩም። ፈለቀ፣ ቡታጅራ።»

ቅዳሜ ነው። ሰውየው እናቱን ይዞ መንገድ ላይ ነው፣ ወይም ደርሷል። ጻፍኩ።

«ይህ መልስ ስህተት ነው። በዝግ መኪና ውስጥ ይገድላል። እባካችሁ ሰውየውን የምታውቁት ንገሩት።»

ቢኒያም ወዲያው መለሰ። «እህቴ፣ አየር የምትፈሪ ከሆነ አፍንጫሽን ያዢ።» ሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ። ሌሎቹም ተከተሉ። «ሴትዮ፣ ምንጭሽን አቅርቢ።» «ይህ የሳይንስ ገጽ ነው፣ ወሬሽን ገበያ ውሰጂው።» «ላሟ ከስታባት ነው፣ ተዋት።»

«መልሱ የባለቤቴ የፈለቀ ነው» ብዬ ጻፍኩ። «ከሥሩ ያለውን ለምን ቆረጥከው?»

«ባለቤትሽ ከጻፈው ታዲያ እኛን ምን አጣላን? እውቀት የጋራ ነው።»

ያን ጊዜ መጻፍ የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባሌ የሞተው በዚህ ነው። ጻፍኩት፣ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት፣ የክንፈ ፊት መጣብኝ፣ አጠፋሁት። ሦስተኛውን ስጀምር ገጹ ከስልኬ ጠፋ። አግዶኛል።

የሱቁ ስልክ ገጹ ላይ ስለነበር ቀድሜ ይዤው ነበር። ደወልኩ። «አሁን አፍንጫዋን የያዘችው ናት» ብሎ ለአጠገቡ ሰው እየሳቀ ዘጋው። እህቴ ወልቂጤን ለቃ ጅማ ገብታለች። ለፖሊስ ብደውል ምን እላለሁ? አየር የጫነ ሰው አቁሙልኝ? ነጠላዬን አንስቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ የቆየበትን ጊዜ አልረሳውም። ሁለት ሰው ጎድሎ ነበር። «እባክህ ሂድ፣ ሰው ሊሞት ነው» አልኩት ሹፌሩን።

«የሁሉም ሰው ጉዳይ እንዲሁ ነው፣ እመቤት» አለ፣ ጫት እየመረጠ።

መንገድ ላይ ከፊታችን የሚመጣውን የቤት መኪና ሁሉ አየሁ። መስኮቱ የተዘጋ ባየሁ ቁጥር ከኋላ ወንበሩ ላይ ጋቢ እፈልጋለሁ። ሹፌሩን ሁለት ጊዜ «አቁመውና ጠይቅልኝ» አልኩት። ሁለተኛው ላይ አንድ ተሳፋሪ «ይህችን ሴትዮ ጸበል ነው ወይስ ወልቂጤ የምንወስዳት?» አለ፤ መኪናው በሳቅ ተሞላ። ጉብሬ ስንቃረብ ፈለቀ የቆመበት ቦታ ጋ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አልፈነው ነበር።

ወልቂጤ ስደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። በባጃጅ ሱቁ ጋ ወረድኩ። በሩ ላይ ሰማያዊ አሮጌ የቤት መኪና ቆሟል፤ ሞተሩ ተነስቷል። ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ የተሸፈነ አሮጊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጋቢ የለበሰ ኮንቴነር። እጃቸውን ሰው ትከሻ ላይ እንደሚያሳርፉ አሳርፈውበታል።

ከመኪናው ፊት ቆምኩ።

«መንገድ ልቀቂ» አለ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ። ጢሙን የተላጨ፣ ወፈር ያለ ሰው ነው።

«ሞተሩን አጥፋ። እናትህን አውርድ።»

«ምን?»

ቢኒያም ከሱቁ ወጣ። እንደጠበቅኩት ሽማግሌ አይደለም፤ ሠላሳም አይሞላው። «መጣች!» አለ እጁን አጨብጭቦ። «ከድር፣ ይህች ናት የነገርኩህ። ከጠዋት ጀምሮ ገጼን ስታውክ የዋለችው።»

ሰው ተሰበሰበ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ፊት ቆሜ ማስረዳት የለመድኩ ነኝ፤ ማስረዳት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ከጎረቤት ኪዮስክ ክብሪት ገዛሁ። ከድር እየተቆጣ፣ ግን ነገሩ ገርሞት ሊሆን ይችላል፣ ክዳኑን እንዳነሳው ፈቀደልኝ። ክብሪቱን ጫርኩ፣ ነጩ ጭስ ወደሚወጣበት አፍ አስጠጋሁት። ጠፋ። ሌላ ጫርኩ። ጠፋ።

«አያችሁ? እዚህ ውስጥ የሚነድ አየር የለም። ለሳንባም እንዲሁ ነው።»

«ቅዝቃዜው ነው ያጠፋው!» አለ ቢኒያም። «ክረምት ላይ ንፋስም ክብሪት ያጠፋል። ንፋስ ሰው ይገድላል?»

ሳቁ። አንዱ «ሦስተኛውን ሞክሪ፣ እሺ ይልሽ ይሆናል» አለ። ከድር ክዳኑን መልሶ ከደነና ወደ መሪው ሄደ። በሩን እየሳበ ሳለ ፊቴን አተኩሮ አየኝ።

«ቆይ። አንቺ የፈለቀ ባለቤት አይደለሽም? ላሞቼን ያዳቅልልኝ የነበረው።»

«ነኝ።»

«መኪና ውስጥ ሞቶ የተገኘው ፈለቀ።»

«አዎ። መልሱም የሱ ነው። ይህ ሰው ስሙንና ‹ከመጽሐፍ አላረጋገጥኩም› ያለውን ቆርጦ ነው የለጠፈው።»

ከድር ወደ ቢኒያም ዞረ። ቢኒያም ትከሻውን ነቀነቀ።

«ሰውየውን የገደለው ይህ ነው» አልኩ። በእጄ ወደ ኮንቴነሩ ጠቆምኩ።

ከድር ከመኪናው ወረደ። «ልቡ ነው ብለሽኛል» አለ ዝግ ብሎ። «ድንኳን መጥቼ፣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ፣ አላህ ያጽናሽ ብዬ ስጠይቅሽ፣ ልቡ ነው ብለሽኛል።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ሰማችሁ?» ጮኸ ቢኒያም። «ራሷ አመነች! ያኔ የዋሸች ሴት አሁን እውነት ተናገረች ብለን ልንቀበል ነው? በይ ምንጭሽን አምጪ። ምንጭሽ ማነው?»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ስምንት ወር ሳልዘረጋው የኖርኩትን ወረቀት አውጥቼ ለከድር ሰጠሁት። «ምንጬ የመረመረው ሐኪም ነው። ፊርማው ከሥሩ አለ። መስኮቶቹን የዘጋሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ለሱ ወረቀት የለኝም።»

ከድር ወረቀቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «በዝግ ተሽከርካሪ ውስጥ… በናይትሮጅን ጋዝ ምክንያት… የኦክስጅን እጥረት።» መጨረሻው ላይ ድምፁ ወረደ።

አሮጊቷ ከኋላ ወንበር ተናገሩ። «ከድር። ሰውየውን ገደለ ያለችው ይህን አጠገቤ የተቀመጠውን ነው?»

«አዎ እማ።»

«አንተ ደግሞ ጋቢዬን አውልቀህ አለበስከው።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «በሩን ክፈትልኝ» አሉ። ዓይናቸው በቅጡ ስለማያይ ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው። ጋቢያቸውን ከኮንቴነሩ ላይ ገፈው ለበሱት፣ ከሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያ በኋላ የትም አልሄድም አሉ። ጋቢው የነበረበት ቦታ፣ የኮንቴነሩ ትከሻ ላይ፣ ስስ አመዳይ ነበር። ለከድር አሳየሁት። የፈለቀ ባልደረባ ስለ አመዳዩ ያለኝንም ነገርኩት፤ ማን እንደነገረኝም ጨምሬ።

ከድር ቢኒያምን ደረቱ ላይ በጣቱ ነካው። «ለምን የፈለቀ ነው ብለህ አልጻፍክም? ስሙን ባየው ኖሮ መኪና ውስጥ የሞተው ሰው መሆኑን አውቅ ነበር። ከመጽሐፍ አላረጋገጥኩም ማለቱን ባየው ኖሮ እናቴን እዚያ ላይ አላስቀምጥም ነበር።»

«ገጹ የኔ ነው» አለ ቢኒያም። ፊቱ ቀልቶ ነበር። «የሌላ ሰው ስም ከሥር ከደረደርኩ እኔን ማን ይከተለኛል? ደግሞ የጻፈው ባሏ ነው፤ የተሳሳተው ባሏ ነው! እኔን ምን ታፋጥጡኛላችሁ?»

እውነቱን ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ ይቅር አልለውም፣ እውነቱን ስለነበር።

ከድር ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ያመሰግነኛል ብዬ አስቤ ነበር። «አንቺም ከሱ አትሻይም» አለኝ። «እሱ ስሙን ቆረጠ፣ አንቺ አሟሟቱን ቆረጥሽ። ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ብትነግሪኝ ጥያቄውንም አልጠይቅም ነበር።» ኮንቴነሩን ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ክፍት ጭነት መኪና ላይ በገመድ አስሮ ላከው። እናቱን ደግሞ ከፊት ወንበር አስቀምጦ ሄደ። እሳቸው በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ጣቶቼን ያዙ።

ቢኒያም ያን ቀን መልሱን አጠፋው። አላረመውም። ሰኞ ዕለት ጓደኛዬ በስልኳ እንዳሳየችኝ አዲስ ጽሑፍ ለጥፏል። «ባደረግሁት ምርምር ፈሳሽ ናይትሮጅን በዝግ መኪና ውስጥ አደገኛ መሆኑን ደርሼበታለሁ» ይላል። አመዳዩን ሳይቀር ጽፎታል። ሥሩ «ዶክተራችን ኑርልን» የሚል አለ። ሞቱንም ሰረቀው።

ክንፈ ወሬው ቡታጅራ በደረሰ በሦስተኛው ቀን መጣ። አልተቀመጠም። «ወንድሜን ለሁለተኛ ጊዜ ገደልሽው» ብሎኝ ወጣ። የሙት ዓመቱ ተዝካር ላይ ተገኘ፣ አላናገረኝም። የፈለቀ እህቶችም እንዲሁ። እነሱን አልወቅሳቸውም ማለት እችል ነበር፤ ግን እወቅሳቸዋለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ሰው ለጠየቀው ሁሉ ለመመለስ የምትጣደፉ፣ የምናገረው ለእናንተ ነው። እውቀት የጋራ ነው አትበሉኝ። ያገኛችሁትን ቃል ስታዞሩ የተናጋሪውን ስም የምትቆርጡት ስሙ ቦታ ስለያዘባችሁ አይደለም፤ ከሱ በልጣችሁ ለመታየት ነው። ስሙን ስትቆርጡ አብራችሁ የምትቆርጡት የሱን ጥርጣሬ ነው። «አላረጋገጥኩም» ያለውን ሰው የተረጋገጠ አስመስላችሁ ትልኩታላችሁ። ነገ ሰውየው ተሳስቶ ቢገኝ፣ ወይም ቢሞት፣ እርማቱ ወደ እናንተ የሚመጣበት መንገድ የለም፤ መንገዱን ቆርጣችሁታልና። ከሥር አንድ መስመር መጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ሙገሳችሁን ለማንበብ ከምታጠፉት አይበልጥም።

ለራሴ ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። ፈለቀ ስለ ላም የሚያውቀውን ያህል በዚህ ወረዳ የሚያውቅ አልነበረም። ስለ አንድ ነገር ግን ተሳስቷል፤ መሳሳት እንደሚችልም ከሥሩ አስጽፎኛል። ስሙን እጠብቃለሁ ብዬ ዝም ያልኩት እኔ፣ እሱ በሕይወቱ ያላደረገውን ነው ያደረግኩበት። እሱ አላውቅም ለማለት አፍሮ አያውቅም። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

አሁን በየሳምንቱ የእሱን መልሶች አንድ በአንድ እያወጣሁ ከባልደረባው ጋር ከሥልጠና መጽሐፉ አስተያያለሁ። ትክክል የሆነውን በስሙ እለጥፋለሁ፤ የተሳሳተውንም በስሙ እለጥፋለሁ፣ እርማቱንና እርማቱን የነገረኝን ሰው ከሥሩ ጽፌ።